የንግድ ድረ ገጽ ለማን ይሠራል?

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ኮምፒዩተር ጥበብ አይደለም። አንድ ነጋዴ ድረ ገጽ ሲያሠራ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ልናገር?» ብሎ ሳይሆን «የሚያነበኝ ማን ነው?» ብሎ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

አጎቴ በላሊበላ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ዕቁብ ሲወጣላቸው በገንዘቡ ድረ ገጽ አሠሩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሳቸው ፎቶግራፍና የቤቱን አመሠራረት የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ ወጣ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነበር። ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደው አስጎብኚም «በ12 ሰዓት ይነሣል» ተባለ። አጎቴ ያሰቡት የማለዳውን 12 ሰዓት ነበር፤ የውጭ አገር እንግዶቹ ግን በአገራቸው አቈጣጠር እኩለ ቀን ላይ ብቅ አሉ። አስጎብኚውም ጠብቆ ጠብቆ ሄዶ ነበር። ለገና የሚመጣው ያገራችን ተሳላሚ በበኩሉ የአልጋ ዋጋና የስልክ ቁጥር በአማርኛ ፈልጎ አጣ።

ጥፋቱን በሠሪው ላይ ብቻ እንዳንጥል። ሁለቱም ስለ ቤቱ ተነጋገሩ እንጂ ስለ እንግዳው አልተነጋገሩም።

እንግዲህ አስቀድሞ አንባቢዎችን ለይቶ በወረቀት መጻፍ ይገባል። ከሩቅ አገር የሚመጣው ሰው ሰዓቱና ቀኑ በራሱ አቈጣጠር ሊነገረው፤ ገና ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 7 ቀን እንደሚውል ሊያውቅ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማን እንደሚቀበለው ሊረዳ ይፈልጋል። ተሳላሚው ግን ገጹን የሚከፍተው በእጅ ስልኩ፤ በገዛው ጥቂት የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ስለዚህ ለእሱ ከባድ ሥዕል ቀርቶ ዋጋውና ስልኩ ከሁሉ በላይ ይቀመጡለት።

ከዚያም ገጹን ከማውጣት በፊት ለእንግዶች ሰጥቶ «እስቲ አልጋ ያዙ» ብሎ ዝም ብሎ ማየት ነው። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፤ አብዛኛውን ጉድለት ለማግኘት አምስት ፈታኞች ይበቃሉ። አምስት ሰው ደግሞ ለማንም ነጋዴ አይጠፋውም።

ጓደኞቼ ሆይ! ነገ ዘመዶቻችን «ተምራችኋልና ሥሩልን» ብለው ወደ እኛ ይመጣሉ። የሚያወጡት ገንዘብ በብዙ ድካም የተጠራቀመ ነው። እኛም እጃችንን ወደ ኮምፒዩተሩ ከመስደዳችን በፊት «እንግዳዎ ማን ነው?» ብለን እንጠይቃቸው።