መልእክታችን ለምን ይመለሳል?



የስብሰባ ጥሪም ሆነ የሐዘን መልእክት በማኅበር የጋራ ኢሜይል አድራሻ ሲላክ ለአንዷ ይደርሳል፣ ለሌላዋ አይደርስም። ያልደረሳት እህት ማኅበሩ የረሳት ይመስላታል። ምክንያቱን ሁላችንም ብናውቀው ከቅሬታ እንድናለን።

በሰው ስም የሚያጭበረብሩትን ለመከላከል ዲማርክ የሚባል ደንብ ወጥቷል። የኢሜይል ድርጅቶች በዚህ ደንብ፣ በእነሱ አድራሻ የመጣ ደብዳቤ እውነተኛነቱ ካልተረጋገጠ ተቀባዩ እንዲመልሰው ማዘዝ ይችላሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ያሁ ይህን ጥብቅ ትእዛዝ ሲያወጣ በርካታ የጋራ አድራሻዎች ታወኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እህት የጻፈችው በጋራ አድራሻው ሲያልፍ ላኪ ሆና የምትታየው እሷ ናት፤ የሚያደርሰው ግን ሌላ ኮምፒውተር ነው። ከግርጌው የማኅበሩ ስም ሲጨመርበትም እንደ ማኅተም የሚያገለግለው ዲጂታል ፊርማ ይፈርሳል። ስለዚህ ደብዳቤው እንደ ሐሰተኛ ተቆጥሮ ይመለሳል። ይህ ሲደጋገም የጋራ አድራሻው ተቀባይዋን ምንም ሳታጠፋ ከዝርዝሩ ሊሰርዛት ይችላል።

መፍትሔ አለው። በላኪነት የማኅበሩ አድራሻ እንዲታይ፣ የጸሐፊዋም ስም አብሮ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን መልስ ስንጽፍ ወደ ማን እንደሚሄድ እንመልከት፤ ለአንዲት እህት ያሰብነው ምስጢር ለሁሉም እንዳይደርስ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ድምፃችን ሲጠፋባችሁ ጠይቁን። እኛም እህቶች፣ ለሐዘንና ለአስቸኳይ እርዳታ ስልክ መደወሉን አንተው።