ስለ አረጋውያን መዝገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንናገረው ጉልበታቸው ስለ ደከመ አረጋውያንና ከሕዝብ ገንዘብ ስለሚሰጣቸው ርዳታ ነው። ይህስ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የሐዋርያት ሥራን ስድስተኛ ምዕራፍ እንዲያነብ እንለምነዋለን።

በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሀብታቸውን በአንድነት አድርገው ለችግረኛው በየዕለቱ ያከፋፍሉ ነበር። በዚህ መካከል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ከዕለቱ እደላ ስለ ተዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ። እህል አልጠፋም፤ ለጋሥም አልታጣም፤ የጐደለው የአከፋፈሉ ሥርዐት ነበር። ሐዋርያትም ያጉረመረሙትን አልገሠጹአቸውም፤ በመልካም ሥራቸው የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ፤ እጃቸውንም ጭነው ሾሙአቸው። ከሰባቱ የመጀመሪያው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ሰማያት ተከፍተው የእግዚአብሔርን ክብር ያየው ይህ ቀዳሜ ሰማዕት አስቀድሞ የተሾመው ለመበለቶች ማዕድ አገልግሎት እንደ ነበረ ልብ አድርጉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛም በአዋጅ ጡረታ ተደንግጎለታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረው ገበሬ ግን ጡረታው ልጁና መሬቱ ናቸው። ልጁ ቢሞትበት ወይም ርቆ ቢሄድበት፣ መሬቱንም ማረስ ተስኖት በእኩል ቢሰጥ፣ ኑሮው ይጐድላል። ጎጃም የጤፍ አገር ተብሎ ስለሚመሰገን ደግሞ በጥጋብ መካከል የሚራብ ሽማግሌ ቶሎ አይታይም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ያለውን ድኻ እርከንና መንገድ እያሠራ ሲከፍል፣ ለሥራ ያልቻለው አረጋዊና ደካማ ግን ያለ ሥራ ርዳታ እንዲያገኝ ደነገገ። በምሥራቅ ጎጃምም ወደ ዓባይ በረሓ በሚያዘቀዝቁት እንደ ሸበል በረንታና እንደ እነብሴ ሳር ምድር ባሉ ወረዳዎች ተሠርቶበታል። በእህል በተሰጠበት ስፍራ የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ ነበር። ተረጂውን የሚለየው ከነዋሪው መካከል የተመረጠ ኮሚቴ ነው፤ የተመረጡትም ስም ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ ተዘለልሁ የሚልም ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤት እንዲል ተሠርቷል። ይህ ከሐዋርያት ሥርዐት የራቀ አይደለም።

ሆኖም መልካም ሥርዐት በክፉ ልብ ይበላሻል። ስም ሲጻፍ የአጎት ልጅ ይቀድምና፣ ከአልጋ መነሣት ያልቻለች ባልቴት ወደ ስብሰባው ስላልመጣች ትዘለላለች። ስሟ ቢጻፍም እንኳ ወደ መክፈያው ስፍራ መሄድ ስለማትችል ወኪል ትልካለች፤ ወኪሉም የእግሬን ብሎ ከድርሻዋ ይቈርሳል። እርሷም ነገ የሚሄድላት እንዳታጣ ፈርታ ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ በእግዚአብሔር ፊት ይጮኻል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው የታመኑ ወንድሞችን አብረው ላከ። ሐዋርያው ምስክር ከፈለገ፣ የኮሚቴ አባል ምስክር ሲቀርብበት ለምን ይቈጣል? ይኸው ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት መበለቶች በመዝገብ እንዲጻፉ ሲያዝዝ ዕድሜያቸውን ከ60 ዓመት እንዳያንስ ወሰነ፤ ልጆች ያሉአቸውን ግን አስቀድሞ ልጆቻቸው ይርዱአቸው አለ። እንግዲህ ባለጸጋ ልጅ እናቱን በድኾች መዝገብ አስጽፎ እጁን ቢያጥፍ፣ እናቱንም ረዳት የሌላትንም ባልቴት በደለ።

የኮታው ቍጥር ከችግረኛው ቍጥር ማነሱም እውነት ነው። ኮሚቴው በቅንነት ቢፈርድም አንዳንድ አረጋዊ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። ያ የቀረው ስም የሰንበቴያችንና የማኅበራችን ድርሻ ነው። በየወሩ ለጻድቁና ለእመቤታችን ዝክር የምንዘክር ሰዎች፣ ጠላው ከመጠመቁ በፊት በአጥቢያችን ከመዝገብ የቀረው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ድርሻውንም እቤቱ እናድርስለት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስም የምትጽፉ ሆይ፣ ብዕራችሁን እንደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሹመት ቍጠሩት። ለደካማ የምትላኩ ሆይ፣ ሳንቲም ሳታጐድሉ አድርሱ። ስሙ ሲነበብ በስብሰባ የምትቀመጡ ሆይ፣ ስለ ራሳችሁ ብቻ አትስሙ፤ መምጣት ላልቻለችው ጎረቤታችሁ ተነሥታችሁ ተናገሩ። ጌታችን በመጨረሻዪቱ ቀን ስለ ተራበው ሲጠይቀን የምንመልሰው እንዳናጣ እርሱ በቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።