ተማሪው በሽተኛውን የት ያገኘዋል?



እ.ኤ.አ. በ1976 በግሬናዳ ደሴት የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪውን ሁለት ዓመት መሠረታዊ ሳይንስ ካስተማረ በኋላ፣ ለአልጋ ዳር ትምህርት በአብዛኛው ወደ አሜሪካና ብሪታንያ ሆስፒታሎች ይልካል። በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ግን ተማሪውን ወደ ቀበሌ አሰማራ፤ በመጨረሻም ከሌሎች የጤና ሙያ ተማሪዎች ጋር በቡድን በጤና ጣቢያ አሠራው።

በኢሉባቦር የሚመደብ ሐኪም ኦንኮሰርካያሲስ ቆዳውን የሚያሳክከው ቡና ለቃሚ ይገጥመዋል። በሩቅ ከተማ የተማረው አይቨርሜክቲን ማዘዝ አያቅተውም፤ ጥቁሯ ዝንብ የምትራባበትን ፈጣን ወንዝና ከዳሩ ያለውን መንደር ግን አያውቅም። የጅማው መንገድ መኪናና መምህር ይፈልጋል፤ ወጪው ቀላል አይደለም። ቢሆንም በመቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች መርሐ ትምህርት በሚከለስበት ጊዜ ሁሉ፣ በጎሬና በያዮ አካባቢ የሚሠራበት የመስክ ጊዜ ለበጀት ተብሎ እንዳይቀነስ አጥብቄ አሳስባለሁ።