ፍላሽ ሲሰካና ሲነቀል ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካና ሲነቅል ይውላል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሥራ ፈላጊው ማስረጃውን፣ ሹፌሩ ዘፈኑን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ዛሬ የምናየው በዚያ ቅጽበት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ፣ የሚሠራውን ሥራ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ፋይሉን ከመጥፋት ያድናል።

ከመሰካቱ እንጀምር። የተለመደውን የፍላሽ አፍ ብትመለከቱ ውስጡ አራት ብረቶች አሉ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ረዘም ይላሉ፤ ኃይል የሚያልፈው በእነሱ ነው። መሐል ያሉት አጠር ያሉት መረጃ ያመላልሳሉ። ስለዚህ ፍላሹ ሲገባ መጀመሪያ ኃይል ያገኛል፣ መረጃው ይከተላል። ሲወጣ ደግሞ ቀድሞ የሚቋረጠው መረጃው ነው። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ እንዲሰካና እንዲነቀል ታስቦ የተሠራ ነው።

ፍላሹ እንደተገናኘ ከመረጃ መስመሮቹ በአንዱ ላይ ቮልቴጅ ከፍ ይላል። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር እንደተሰካ የሚያውቀው በዚህ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ለመሣሪያው ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን አድራሻ አድርጎ ይሰጠውና ማንነቱን ይጠይቀዋል። መሣሪያው የአምራቹን ቁጥር፣ የምርቱን ቁጥርና የሥራውን ዓይነት ይመልሳል። ከዚያ የሚስማማው ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ተፈልጎ ይነሳል። ማውዝ፣ ኪቦርድና ፍላሽ የጋራ ደንብ ስላላቸው ድራይቨራቸው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ብዙ ፕሪንተሮች ግን የራሳቸውን ይፈልጋሉ። አዲስ ፕሪንተር ተሰክቶ አልሠራም ሲል ብዙ ጊዜ የጎደለው ድራይቨሩ ነው።

ይህ ሁሉ ቀላል ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1998 ቺካጎ ላይ ዊንዶውስ 98 ለሕዝብ ሲታይ፣ ቢል ጌትስ መድረክ ላይ ቆሞ ሳለ ስካነር ተሰካና ኮምፒውተሩ ወዲያው ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ቆመ።

አሁን ወደ መንቀሉ እንምጣ፤ ጉዳት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ራም፣ ማለትም ከጊዜያዊ ማስቀመጫው፣ ጋር ሲነጻጸር በጣም ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የምትገለብጡትን ፋይል መጀመሪያ ራም ላይ ይቀበልና ቀስ እያለ ወደ ፍላሹ ያስተላልፋል። አዳማ መናኸሪያ ረዳቱ ሻንጣችሁን መሬት ላይ ተቀበላችሁ ማለት አውቶብሱ ላይ ተጫነ ማለት አይደለም። ኮፒው አለቀ የሚለው ምልክትም አንዳንዴ እንዲሁ ነው። ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ መረጃውን 30 ሰከንድ ያህል ራም ላይ ሊያቆየው ይችላል። ፍላሹ በዚህ መሐል ከተነቀለ ፋይሉ ጎዶሎ ይሆናል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የፋይሎቹ ማውጫ እየተጻፈ ሳለ መንቀል ነው። ያኔ ነባሮቹም ፋይሎች ላይታዩ ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩም ፍላሹ ፎርማት ይደረግ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ኢጀክት የሚለውን ስትጫኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራም ላይ የቀረውን ሁሉ ጽፎ ይጨርሳል፣ ፍላሹን የከፈተ ፕሮግራም ካለ ይነግራችኋል፣ ከዚያ መንቀል ትችላላችሁ ይላል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ ማሻሻያ ጀምሮ ለውጭ ማስቀመጫዎች መረጃን ራም ላይ ማቆየትን በተለመደው አሠራሩ ትቷል። ቢሆንም ፋይል እየተጻፈ ሳለ መንቀል ዛሬም አደገኛ ነው። ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ መብራት ሲጠፋም የሚደርሰው ጉዳት ተመሳሳይ ነው።

እንግዲህ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ወረፋው ቢረዝምም የደንበኛን ፍላሽ ኢጀክት ሳታደርጉ አትንቀሉ። ፍላሹ ፎርማት ይደረግ ካለ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትፍቀዱ፤ ፋይሉ ብዙ ጊዜ በማዳኛ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በአንድ ፍላሽ ብቻ አታስቀምጡ፤ ሌላ ቅጂ በላፕቶፕ ወይም በኢሜይል ይኑራችሁ።