ዘግይቶ ለመጣ ተማሪ የጂሲኤስኢ እንግሊዝኛ ምን ይለካል?



ጂሲኤስኢ በእንግሊዝ አገር ወጣቶች በ16 ዓመታቸው ገደማ የሚቀመጡበት የሁለተኛ ደረጃ ፈተና መሆኑን ታውቃላችሁ። የእንግሊዝኛው ውጤት ከ2017 እ.አ.አ. ጀምሮ ከ9 እስከ 1 ባሉ ቁጥሮች ይሰጣል፤ ማለፊያው 4 ነው። «አንደኛ ወጣ» ሲባል እልል ማለት ለለመደ ወላጅ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ 1 ከሁሉ የዝቅተኛው ነው።

ከ2014 ወዲህ 4 ያላገኘ ወጣት በኮሌጅ እስካለ ድረስ እንግሊዝኛ መማሩን እንዲቀጥል ይጠበቅበታል፤ ኮሌጁም የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኘው ይህን ሲፈጽም ነው። 3 ያገኘ ያንኑ ፈተና ይደግማል። 2 እና ከዚያ በታች ያገኘ ፈንክሽናል ስኪልስ የሚባለውን የተግባር እንግሊዝኛ መውሰድ ይችላል። በ16 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣው ግን አንድም ውጤት የለውም። ብዙውን ጊዜ ለባዕድ ተናጋሪዎች በሚሰጠው ትምህርት፣ በኢሶል ይጀምርና ጊዜው ሳይበቃው 19 ዓመት ይሞላዋል።

ፈተናውን ቀርበን እንየው። ተማሪው ቀድሞ ያላያቸውን ጽሑፎች አንብቦ የደራሲውን ስልት ይተነትናል፤ ከጽሑፎቹ መካከል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ይገኝበታል። አማርኛን ሁለት ዓመት የተማረ እንግዳ የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል ተቀብሎ የጸሐፊውን የቃላት አመራረጥ እንዲተነትን ቢጠየቅ ምን ያህሉን ይወጣዋል? የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከነጥቡ አንድ አምስተኛው የሚሰጠው ለፊደል አጻጻፍ፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለሰዋስው ነው። የንግግር ችሎታ ለብቻው ይመዘናል እንጂ ከ9 እስከ 1 በሚሰጠው ውጤት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በሐኪም ቤት ለእናቷ ስታስተረጉም የምትውል ልጅ ለዚህ ችሎታዋ በዚያ ቁጥር ላይ ምንም አታገኝም።

ፈተናው ይቅር አልልም። ስለ ሥነ ጽሑፍ ማሰብ ለልጆቻችንም የሚገባ ሀብት ነው። የምቃወመው ብቸኛ በር መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደረጃ ፈንክሽናል ስኪልስ ከማለፊያው ጋር በእርከን እኩል ሆኖ ሳለ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለነርስነት ትምህርት ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ አይቀበለውም። አመልካቹም ይህን የሚረዳው አንዳንድ ጊዜ ዓመት ከባከነ በኋላ ነው። መንግሥት ራሱ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከ19 ዓመት በላይ ሆነው የሙያ ልምምድ ለሚጀምሩ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ማስረጃውን ግዴታ አንሥቶ ውሳኔውን ለአሠሪው ትቷል። በሥራ ቦታ የተቻለው በኮሌጅ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከ19 ዓመት በላይ የሆነ፣ 4 የሌለውና የመኖሪያ መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው ትምህርቱን በነጻ የመማር መብት አለው። ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ ወይም በእንክብካቤ ቤት በፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ሰዓቱ የማይቀያየር ክፍል ከተሰጠው መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የምክር ቤት ባልደረቦች ሆይ፣ ለትምህርት ሚኒስቴር በጽሑፍ እንድትጠይቁልን የምንሻው ይህን ነው፦ ከ14 ዓመታቸው በኋላ እንግሊዝ አገር ከገቡት መካከል እስከ 19 ዓመታቸው 4 የሚያገኙት ስንቶች ናቸው? ለእነርሱስ የትምህርቱ ገንዘብ በዕድሜ ሳይሆን በመጡበት ዓመት ቢሰላ ምን ያህል ያስወጣል? የማኅበረሰብ ሠራተኞች ደግሞ በኖቬምበር ፈተናውን መድገም የሚሹትን ወጣቶች ከአሁኑ ወደ ኮሌጃቸው ላኳቸው፤ ምዝገባው በኦክቶበር መጀመሪያ ይዘጋል።