በዶርድሬክት የተዘጋው ክርክር

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው መንፈቀ ዓመት፣ ፈተና ሊጀመር አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን ደብተሩን ዘግቶ ሊተኛ ሲል «ማለፌም መውደቄም ዛሬ ማታ አይወሰንም፤ እግዚአብሔር የጻፈልኝ ከሆነ ሳላጠናም አልፋለሁ፤ ካልጻፈልኝም ትርፉ መብራት መፍጀት ነው» አለን። ሌላው «እንግዲያውስ ነገ ወደ አዳራሹ ለምን ትሄዳለህ? የተጻፈልህ ከሆነ ውጤቱ አልጋህ ድረስ ይመጣልሃል» ሲል መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን። ሁለቱ ግን ሌሊቱን ሲከራከሩ አድረው በማግሥቱ እንቅልፍ እያዳፋቸው ተፈተኑ። ውጤታቸውን አልነግራችሁም፤ ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንምና።

ነገሩ ስለ ፈተና ሲሆን ያስቃል። ስለ ነፍስ ሲሆን ግን አያስቅም። የሚድነውና የሚጠፋው ሰው ዓለም ሳይፈጠር ተለይቶ ተቆርጧልን? ወይስ ሰው የቀረበለትን ጸጋ ለመቀበልም ለመግፋትም ነጻ ነው? ከዚያ ሌሊት በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ ሳነብ፣ በዚህ ጥያቄ ምክንያት የአንድ ክርስቲያን አገር ሰዎች እርስ በርስ እስከ መታሰርና እስከ አንገት መቆረጥ የደረሱበትን ዘመን አገኘሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ነው። አገሩ ኔዘርላንድ ነው፤ የማነሣቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ራሱ የተወለደው ግን በዚያ ሳይሆን በእኛው አህጉር፣ በሰሜን አፍሪካ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በአልጄርያ ውስጥ አናባ በምትባለው ከተማ፣ ያን ጊዜ ሂጶ ትባል በነበረችው፣ አውግስጢኖስ ኤጲስ ቆጶስ ነበረ። ከብሪታንያ የመጣው ጴላግዮስ ሰው የታዘዘውን ለመፈጸም ከተፈጥሮው በቂ ኃይል አለው ብሎ ሲያስተምር፣ አውግስጢኖስ ደግሞ ጸጋ ካልቀደመው ሰው መልካሙን እንኳ ሊፈልግ አይችልም ሲል ተነሣበት። በ418 የካርታጎ ጉባኤ ጴላግዮስን አወገዘ። አውግስጢኖስ ግን በእርጅናው ዘመን ከዚህ አልፎ፣ ጸጋው ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው የማይሰጠው በእግዚአብሔር ሥውር ምርጫ ነው ወደሚለው ሐሳብ ሄደ። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ያን ውርስ ተቀበለችና ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል አንዴ ስታነሣው አንዴ ስትጥለው ኖረች። የምሥራቆቹ አውግስጢኖስን የትምህርታቸው መሠረት ስላላደረጉት ነገሩ በዚያ መልክ አልተነሣባቸውም። በአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ከፍ ያለ ስፍራ ያለው ዮሐንስ አፈ ወርቅ፣ ወደ ሮሜ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ዘጠነኛ ምዕራፍ ሲተረጉም፣ የሸክላ ሠሪው ምሳሌ ነጻ ፈቃድን ለማጥፋት የተነገረ አይደለም ብሎ ጠንክሮ ይከራከራል።

በ16ኛው መቶ ዓመት ሉተርና ካልቪን የአውግስጢኖስን ሐሳብ አጥብቀው ያዙ። ከካልቪን ቀጥሎ በጄኔቭ የተሾመው ሰው ስሙ ቤዛ ነበረ። (በእኛ ቋንቋ ይህ ስም ለሁሉ የተከፈለ ዋጋን ያሳስበናል፤ እርሱ ግን ክርስቶስ የሞተው ለተመረጡት ነው ብሎ ያስተምር ነበር።) ቤዛ እንደሚለው እግዚአብሔር ከሁሉ አስቀድሞ አንዳንዶቹን ለክብር፣ አንዳንዶቹን ለጥፋት ወሰነ፤ መፍጠሩም፣ የአዳምም ውድቀት የዚያ ውሳኔ መፈጸሚያ ናቸው።

ከቤዛ ተማሪዎች አንዱ ያዕቆብ አርሚንዮስ ይባላል። የዚህ ሰው ሕይወት ራሱ ስለ ዕድል የሚያጠያይቅ ነው። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ። በ1575 የእስፓኝ ወታደሮች የትውልድ ከተማውን አውደዋተርን ሲይዙ እናቱንና ወንድሞቹን እኅቶቹን ገደሉ፤ እርሱ ለትምህርት ጀርመን አገር ነበርና ተረፈ። ቸር ሰዎች አስተማሩት፤ በ1588 በአምስተርዳም ቄስ ሆኖ ተሾመ። የቤዛን ትምህርት ነቅፎ የጻፈ ኮርንሄርት የሚባል ሰው ነበረና አርሚንዮስ ለዚህ ሰው መልስ እንዲጽፍ ታዘዘ፤ መልሱን ሲያዘጋጅ በተቃዋሚው ሐሳብ ተሸነፈ ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ በቅርብ ጊዜ የጻፉ የታሪክ ሰዎች ግን አርሚንዮስ ቀድሞውንም የቤዛን ሐሳብ አልያዘም ይሆናል ይላሉ።

ከዚያ ይልቅ እኔን የሚስበኝ በ1601 እና በ1602 አምስተርዳምን ቸነፈር ሲመታት አርሚንዮስ በሽተኞችን በየቤታቸው እየዞረ መጠየቁ ነው። በዚያ አልጋ ላይ የተኛ ሰው «አባቴ፣ ክርስቶስ የሞተው ለእኔም ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ ቄሱ ምን ይመልሳል? «ከተመረጡት ከሆንህ» ቢለው በሽተኛው በምን ያውቀዋል? አርሚንዮስ ያለ አንዳች ቅድመ ነገር «አዎን፣ ለአንተ» ማለት ይችል ነበር።

በ1603 በላይደን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። የሥራ ባልደረባው ጎማሩስ ይባላል፤ የቤዛን ትምህርት ሳያለዝብ የሚያስተምር ሰው ነበረ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቻችን የክርክሩን ፍሬ ነገር ስለምንስተው። ብዙ ጊዜ «አንዱ ጸጋን ያምናል፣ ሌላው ሰውን ያምናል» ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። አርሚንዮስም ሰው ያለ ጸጋ አንዲት የእምነት እርምጃ እንኳ መራመድ አይችልም ይላል። ልዩነታቸው በቅደም ተከተል ነው። ጎማሩስ፦ እግዚአብሔር መረጠህ፣ ስለዚህ ታምናለህ። አርሚንዮስ፦ እግዚአብሔር በክርስቶስ የሚያምኑትን ለማዳን ወሰነ፤ አንተም በጸጋው ተረድተህ እንደምታምን አስቀድሞ አውቆ መረጠህ። ጸጋው ለሁሉ ይቀርባል፤ ሰው ግን ሊገፋው ይችላል።

እኔ መጀመሪያ ይህን ሳነብ «እንግዲህ አለቀ፤ አርሚንዮስ ረታ» ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ማወቁ ሰውየውን አያስገድደውምና። ለዚህም የሚነገር ምሳሌ አለ፦ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው፣ አንድ ነጋዴ ጎርፍ ወደሚመጣበት ሸለቆ ሲወርድ ቢያይ፣ ማየቱ ነጋዴውን አላወረደውም። ነገር ግን ቆይቼ ሳስበው ምሳሌው በግማሽ መንገድ ላይ ይሰበራል። እግዚአብሔር ኮረብታ ላይ የቆመ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ነጋዴውንም፣ ሸለቆውንም፣ ጎርፉንም የፈጠረ እርሱ ነው። ነጋዴው እንደሚወርድ እያወቀ ስለምን ፈጠረው? ይህን ጥያቄ ጎማሩስ ብቻ ሳይሆን አርሚንዮስም መመለስ አለበት። ደግሞም ሁለት ሰዎች እኩል ጸጋ ቀርቦላቸው አንዱ ቢቀበል ሌላው ቢገፋ፣ የተቀበለው «እኔ ከእርሱ የተሻልሁ ነኝ» ብሎ እንዳይመካ ምን ይከለክለዋል? ጎማሩስ ሞኝ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። አስቀድሞ የመወሰን ትምህርት ለሚወላውል ሰው ማጽናኛ ሊሆን ይችላል። ሉተር በ1525 ለኤራስመስ ሲመልስ፣ ነጻ ፈቃድ ቢሰጠኝም አልፈልገውም፣ መዳኔ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አላርፍም ነበር የሚል ሐሳብ ጽፏል። የራሱን ድካም የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል በቀላሉ አይንቀውም።

ሆኖም የጎማሩስ ወገን ያልመለሰው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። ውድቀቱም የውሳኔው መፈጸሚያ ከሆነ ኃጢአቱ የማን ነው? እንዲታዘዝ ኃይል ያልተሰጠው ሰው ስላልታዘዘ በምን ይፈረድበታል?

አርሚንዮስ በጥቅምት 1609 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ከአርባ የሚበልጡ ቄሶች ሐሳቡን በአምስት አንቀጽ ጽፈው ለሆላንድ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረቡ። አምስተኛው አንቀጽ ደስ ይለኛል፦ ያመነ ሰው ተመልሶ ሊጠፋ ይችላልን የሚለውን፣ ገና ከመጻሕፍት መርምረን እንጂ አሁን በቁርጥ አንናገርም ብለው ተዉት። በሃይማኖት ክርክር ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከመምህራን እጅ ወጣ። ከእስፓኝ ጋር በ1609 የአሥራ ሁለት ዓመት እርቅ ተደርጎ ነበር። እርቁን ያደረገው ሽማግሌው የአገር መሪ ኦልደንባርነቬልት ለአርሚንዮስ ወገን ያደላ ነበር፤ የጦሩ አዛዥ ልዑል ማውሪትስ ደግሞ እርቁን አልወደደውም፤ በ1617ም ከጎማሩስ ወገን ጋር በአደባባይ ቆመ። ማውሪትስ ስለ ቅድመ ውሳኔ ጥልቅ እውቀት የነበረው አይመስልም። ግን ክርክሩ ለሥልጣን መሰላል ሆነለት። ለእውነት ሲባል ይህም መነገር አለበት፦ ኦልደንባርነቬልትም ንጹሕ አልነበረም። በ1617 ከተሞች የራሳቸውን ወታደር እንዲቀጥሩ አስፈቀደ፤ ከዚያም ቀደም ሲል የእርሱ ወገን በያዛቸው ከተሞች ተቃዋሚ ቄሶች ከመድረካቸው ተነሥተዋል። በነሐሴ 1618 እርሱም፣ ወጣቱ የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮቲዩስም ተያዙ።

ሲኖዶሱ በዶርድሬክት ከተማ በኅዳር 13 ቀን 1618 ተከፈተ። ከእንግሊዝ፣ ከስዊስ፣ ከጀርመን አገሮች መልእክተኞች መጡ፤ የፈረንሳይ ንጉሥ የአገሩ ፕሮቴስታንቶች እንዳይሄዱ ስለከለከለ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ተቀመጠ። የአርሚንዮስ ወገኖች በኤጲስኮፕዩስ መሪነት ቀረቡ፤ ነገር ግን ለመከራከር ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነበር። ስለ ሥርዓቱ ሲከራከሩ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ በኋላ በጥር 14 ቀን 1619 ሊቀ መንበሩ ተቆጥቶ ከአዳራሹ አስወጣቸው። ቀሪው ነገር እነርሱ በሌሉበት ተወሰነ። ውሳኔው ግን ጠላቶቹ እንደሚሉት ጨካኝ አይደለም፦ የጎማሩስን ጽንፍ አልያዘም፤ እግዚአብሔር የኃጢአት ምንጭ ነው የሚለውን ይክዳል፤ ጸጋ ሰውን እንደ ድንጋይና እንደ ግንድ አያንቀሳቅሰውም ይላል። ብዙ ቦታው በጥንቃቄ የተጻፈ ነው።

ሲኖዶሱ የውጭ መልእክተኞች የተገኙበትን ክፍል በግንቦት 9 ፈጸመ። ከአራት ቀን በኋላ፣ በግንቦት 13 ቀን 1619፣ ኦልደንባርነቬልት በሄግ ከተማ በ71 ዓመቱ አንገቱን ተቆረጠ። የተከሰሰው በአገር ክሕደት እንጂ በሃይማኖት አልነበረም። ሁለት መቶ ያህል ቄሶች ከሥራቸው ተነሡ፤ ዝም ለማለት ያልፈረሙት ከአገር ተባረሩ። እኔ እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምጠይቀው አለ። የእግዚአብሔር ውሳኔ በማንም ሊገፋ አይችልም ብለው የሚያምኑ ሰዎች ለዚያው ውሳኔ የወታደር ጠባቂ ስለምን አስፈለጋቸው? መልሱን ከሥነ መለኮት ክፍል መምህሮቻችን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ግሮቲዩስ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት በሉፈስታይን ምሽግ ተዘጋ። የሕግ ተማሪዎች የምታውቁት ሰው ነው፤ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሕግ የጻፈውን ታላቁን መጽሐፍ በ1625 በፓሪስ ያሳተመ። መጽሐፍ በትልቅ ሣጥን እየገባለት ያነበበው እየወጣ ይኖር ነበረ። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ሣጥኑን ከፍተው ይፈትሹ ነበር፤ እየቆዩ ሰለቻቸው። ሚስቱ ማሪያ ይህን አየች። በመጋቢት 22 ቀን 1621 ባሏን በሣጥኑ ውስጥ አስተኝታ ዘጋችበት፤ ወታደሮቹም ተሸክመው አወጡት፤ የቤት ሠራተኛይቱ ኤልሴ እስከ ሆርኩም ከተማ አብራው ሄደች። ከዚያ እንደ ግንበኛ ለብሶ አመለጠ። ሣጥኑ ዛሬ በሆላንድ ከአንድ በላይ ቦታ ይታያል፤ እውነተኛው የቱ እንደ ሆነ ግን ያከራክራል።

ማውሪትስ በ1625 ከሞተ በኋላ የተባረሩት ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ በ1634 በአምስተርዳም የራሳቸውን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ማኅበራቸው ዛሬም አለ። ክርክሩም አልሞተም፤ ወደ እንግሊዝ ተሻገረና ከ1739 ጀምሮ ጆን ዌስሊን ከወዳጁ ከጆርጅ ኋይትፊልድ ለየ። ዌስሊ ጸጋ ለሁሉ ነው ብሎ ሰበከ፤ ኋይትፊልድም በግልጽ ደብዳቤ መለሰለት። ሁለቱ ከዚያ በኋላ በልባቸው ታረቁ፤ በሐሳብ ግን አልተስማሙም። በ1770 ኋይትፊልድ ሲሞት የመታሰቢያውን ስብከት በለንደን ያደረገው ዌስሊ ነው።

እኔ ራሴ በየትኛው ወገን ነኝ ብትሉኝ፣ ከላይ እንደ ገመታችሁት ወደ አርሚንዮስ አደላለሁ። የኮረብታውን ምሳሌ ስላላዳንሁት አይደለም፤ አላዳንሁትም። በቸነፈሩ ቤት ለተኛው ሰው የሚሰጠውን መልስ ሳስብ ሌላውን ቃል ከአፌ ማውጣት ስለማይሆንልኝ ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም የሚለኝ ይኖራል፤ እቀበለዋለሁ።

መድረኩን ለጥያቄ ልልቀቅ። ያ ሳላጠና አልፋለሁ ያለው ጓደኛችን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል፤ ከሁሉ በፊት እርሱ እንዲናገር እፈልጋለሁ።