ቀዳዳው ካልተደፈነ ጠላት አያልቅም



ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ጦር ያለው፣ በጀት ያለው፣ የውጭ ድጋፍ ያለው መንግሥት፣ ታንክም አውሮፕላንም የሌለው ታጣቂ ቡድን እንዴት ለዓመታት ያስቸግረዋል?

ሩቅ አንሂድ፤ ጎረቤታችን ሶማሊያ አለች። አልሸባብ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞቃዲሾን ለቆ ሲወጣ ብዙ ሰው "አለቀለት" ብሎ ነበር። አላለቀለትም። በ2017 መንግሥት የአልሸባብ ሥራ ነው ያለው የመኪና ቦንብ በዚያችው ከተማ ከ500 በላይ ሰው ጨረሰ። በ2022 ደግሞ ታጣቂዎቹ ድንበር ጥሰው ወደ ሶማሌ ክልላችን ገቡ። ስለዚህ ጉዳዩ የሌላ ሰው ቤት ጉዳይ አይደለም።

ጉልበቱ ከየት መጣ? ከመንግሥት ቀዳዳ ነው።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ደመወዝ ነው። የሶማሊያ ወታደር ለወራት ሳይከፈለው የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ገንዘቡ በአዛዦች እጅ ያልፍ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ ስሙ ያለ፣ ሰውየው የሌለ ወታደር ሞልቶ ነበር። የተራበ ወታደር ምን ያደርጋል? ኬላ ላይ ሹፌሩን ያስጨንቃል፣ ጥይቱን ይሸጣል። ታዲያ ያ ጥይት ማን እጅ የሚገባ ይመስላችኋል? መፍትሔው የመጣው መንግሥት ወታደሮቹን በባዮሜትሪክ መዝግቦ ደመወዛቸውን በቀጥታ በየባንክ ሂሳባቸው ማስገባት ሲጀምር ነው። ተኩስ የለበትም፤ ግን ትልቅ ውጊያ ነው።

ሁለተኛው ፍትሕ ነው። አልሸባብ ነጋዴውን ያስገብራል፤ ግን ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ አንዴ የከፈለም ሁለተኛ አይጠየቅም። በሌላው መንገድ ግን በየኬላው እጅ ይዘረጋል። መሬት የተቀማ የሞቃዲሾ ነዋሪ ሳይቀር ወደ አልሸባብ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ውሳኔው ይፈጸማላ! ይሄ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ፍርሃት አለበት። ቢሆንም መንግሥት ባዶ የተወውን ወንበር ነው የተቀመጡበት።

ሦስተኛው ሕዝብ ነው። በ2022 በሂራን የጎሳ ሚሊሻዎች ግብሩና ግድያው መሯቸው ተነሱ። ከሚያገለድሙት ሽርጥ የተነሳ "ማአዊስሌ" ይባላሉ። ጦሩ ከጎናቸው ሲቆም በጥቂት ወራት ውስጥ ለዓመታት በአልሸባብ እጅ የነበረ ሰፊ ቦታ ነጻ ወጣ። አገሬው መንገዱን ያውቃል፣ የማን ልጅ የት እንዳለ ያውቃል።

ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ነጻ ከወጡት ከተሞች አንዷ አደን ያባል ነበረች። በ2025 ተመልሳ በአልሸባብ እጅ ወደቀች። መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ሌላ ነው። ወታደሩ ከገባ በኋላ ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ መምህሩና የጤና ባለሙያው ካልተከተሉት፣ ወታደሩ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል። የታጠቀው ሚሊሻም በሕግ ሥር ካልገባ ነገ እሱ ራሱ ሌላ ቀዳዳ ይሆናል።

እናንተ አገሬን እወዳለሁ የምትሉ ወጣቶች፣ ጥቃት ሲደርስ "ይደምሰስ!" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወታደሩ ደመወዙን በጊዜው አግኝቷል? የተበደለ ገበሬ አቤት የሚልበት ዳኛ አለው? በታጣቂው ጥፋት መንደሩ በሙሉ አልተቀጣም? መንደር በጅምላ የሚቀጣ መንግሥት ለጠላቱ ምልመላ ይሠራለታል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ እነዚህን ጥያቄዎች ከጥቃቱ በፊት እንጠይቅ። አገር የሚጠበቀው በጠመንጃም ነው፤ ጠመንጃው ግን የሚቆመው ደመወዝ፣ ፍትሕና የሕዝብ እምነት ሲሸከሙት ነው።

ሰላም ለአገራችን!